ጥያቄያችሁ ተቀባይነት አግኝቷል

ኑርዬ ሙዘይን የሸንጎ አባል የሆነው በዝናብ ምክንያት ነው። ለማሳቅ ብዬ አይደለም፤ የመረጡት ሴቶች ራሳቸው ያሉትን ነው የምጽፈው። ሰኔ 1979 በእኛ በኩል ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው የፓርቲው ሰው፣ ሁለተኛው የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ ሦስተኛው ኑርዬ። ኑርዬ የተጨመረው ሁለት ሰው ብቻውን ምርጫ አይመስልም ተብሎ ነው። የምርጫ ምልክት ሲታደል ለፓርቲው ሰው ችቦ፣ ለዲሬክተሩ መጽሐፍ ደረሳቸው፤ ለኑርዬ የተረፈው ጃንጥላ ነበር። በምርጫው ቀን ታዲያ ከአምባሰል ተራራ የወረደው ዝናብ ሰልፈኛውን እስከ አጥንቱ አራሰው። ሴቶቹ ሲወጡ «ለማን ሰጣችሁ?» ቢባሉ፣ «ኧረ በዚህ ዝናብ ችቦ ምን ያደርግልናል፣ ለጃንጥላው ነዋ!» አሉ። ችቦው ጠፋ፣ መጽሐፉ ረጠበ፣ ኑርዬ አለፈ።

ያን ጊዜ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ሽቅብ ባለች ቀበሌ ማሽላና ጤፍ ያርሳል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሱ ነው። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከገዛ ልጆቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። ማንበብ ከቻለ ወዲያ አገሩ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሱ ሆነ፤ የዘይት ቆርቆሮ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሰው ደብዳቤ። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እየጎተተ ያነባል። ደብዳቤ ሲያነብ ክፉ ወሬ ያለበትን መስመር ይዘላል ተብሎ ይታማል። ሚስቱ ሂንድ ሐሜቱን አልካደችም፤ «የሚዘለውን በኋላ በጓሮ በር እኔ እነግራቸዋለሁ» ትላለች።

ጎረቤቱ ፈዲላ ናት። ባሏ በድርቁ ዓመት ሞቶባት ከአንድ ልጇ ከሰላሀዲን ጋር ቀርታ ነበር። ሰላሀዲን ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ኅዳር 1977 አንዲት ፍየል እየጎተተ ወደ ሐይቅ ገበያ ወረደ። እኩለ ቀን ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ገበያውን ከበቡና ጉልበት ያለውን እየለዩ መኪና ላይ ጫኑት። በሬዲዮ «በፈቃዳቸው ወደ ለሙ ምድር የተጓዙ ሰፋሪዎች» ተባሉ። ፍየሏ ግን ፈቃደኛ አልነበረችም መሰል፣ ገመዷን እየጎተተች ማታ ለብቻዋ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰላሀዲን የተሰማ ነገር የለም።

ኑርዬ በተመረጠ ማግስት ፈዲላ መጣች።

«አያ ኑርዬ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሸንጎ ማለት ግን ምንድን ነው?»

«የአገሪቱ ከፍተኛው ሥልጣን» አላት፣ ከሬዲዮ እንደሰማው።

«ከሁሉም በላይ?»

«ከአላህ በታች፣ ከሁሉም በላይ።»

«እንግዲያው ጠይቅልኝ። ሰላሀዲን የት ነው? ሞቶ እንደሆን ሞቷል ይበሉኝና ሰደቃውን ላውጣ። ካለም አለ ይበሉኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ሂንድ ከምድጃው በኩል «ፈዲላ፣ እሱ እኮ የዚህ ቤት ጭስ መውጫ መቼ ይሠራል ብዬ ስጠይቀው ዓመቱ ነው» ልትል ጀምራ፣ የፈዲላን ፊት ስታይ ተወችው።

ኑርዬ ከአማቹ በተዋሰው ኮት አዲስ አበባ ገባ። እጅጌው እስከ ክንዱ አጋማሽ ነው የሚደርሰው። አዳራሹ ውስጥ ስምንት መቶ ከምናምን ሰው ተቀምጧል። እጅ አውጡ ሲባል ያወጣሉ፣ ጭብጨባ ሲጀመር ያጨበጭባሉ። «ለእጅ ሥራ ነው የጠሩን፤ ገበሬ ባልሆን አልችለውም ነበር» ብሏል ሲመለስ።

አንድ ነገር ግን አገኘ። ለአባላት የታደለችውን ትንሽ መጽሐፍ ባደረበት አልጋ ላይ ጣቱን እየጎተተ ሲያነብ፣ አባል የሆነ ሰው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ እንደሚችል፣ የተጠየቀውም መሥሪያ ቤት መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ተጽፎ አየ። ግዴታ የሚባለውን ነገር በደንብ ያውቀዋል፤ የእህል ኮታ ግዴታ፣ የስብሰባ ግዴታ፣ የሚሊሺያ ግዴታ፣ ሁሉም በገበሬ ላይ ነው። መንግሥት ግዴታ አለበት የሚል ዓረፍተ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አንብቤ የተሳሳትኩ ይሆናል ብሎ ለጎኑ ሰው አስነበበ። እውነት ነው፣ ይላል።

በማግስቱ ወረቀት ወደሚቀበሉት ቢሮ ሄደ። የጽሕፈት መኪናው ላይ የተቀመጠችው ሙሉአለም የምትባል ደግ ሴት ነበረች። የሰላሀዲንን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ጋሼ፣ የአንድ ሰው ጉዳይ ከሆነ አይቀበሉትም። የሕዝብ ጥያቄ መሆን አለበት» አለችው።

«ስንት ሰው ሲሆን ነው ሕዝብ የሚባለው?»

ሙሉአለም ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። አሰብ አደረገችና «አርባ ያህል ቢሆን» አለች። «የሚጠይቁትን ሰዎች ስም ከነቀበሌያቸው በፖስታ ይላኩልኝ፣ አሳምሬ እጽፍልዎታለሁ።»

አገር ቤት ተመለሰና ስም መሰብሰብ ጀመረ። ቀላል አልነበረም። በእኛ አገር ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ሲመጣ ውሻው እንኳ ከግቢ ይወጣል። በሩን የከፈተችለት ፈዲላ ናት። ከፊቱ እየገባች «የሚወስድ ዝርዝር አይደለም፣ የሚጠይቅ ዝርዝር ነው» ትላቸዋለች። የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ቤት አዳረሱ። ባሏ ወፍጮ ቤት እንደሄደ የቀረባት ወለተ ሥላሴ «ከነአያቴ ጻፉኝ፣ በኋላ በሌላ ሰው እንዳይሳሳቱ» አለች። አርባ አንድ ሰው ሞላ። ፈዲላ አንደኛ ላይ ናት።

ሙሉአለም ቃሏን ጠበቀች። የጻፈችውን ግልባጭ በፖስታ ላከችለት። ከላይ በትልቁ፣ ከሥሩም ተሰምሮበት፣ «ጉዳዩ፦ ስለ ሰፈራ የቀረበ ጥያቄ» ይላል። ከታች ደግሞ በጨዋ አማርኛ፣ ከአምባሰል አውራጃ ወደ ሰፈራ የሄዱት ሰዎች የት እንደሚገኙ፣ በሕይወት መኖር አለመኖራቸው፣ ለቤተሰቦቻቸው በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ኑርዬ በየቤቱ እየዞረ አነበበላቸው። የዘለለው መስመር አልነበረም።

የካቲት 1980 መልስ መጣ። ስም ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሁሉ ውጫሌ ተጠሩ። ከግሸን ግርጌ ድረስ በእግሩ የመጣ ነበር። የአውራጃው የሰፈራ አስተባባሪ ጓድ ሀብተ ጊዮርጊስ ጠረጴዛ ላይ ወጣና ደብዳቤውን ዘረጋ።

«በሸንጎ አባሉ በጓድ ኑርዬ ሙዘይን አማካይነት ስለ ሰፈራ ያቀረባችሁት ጥያቄ ተመርምሮ ተቀባይነት አግኝቷል!»

እልልታው ቀለጠ። ፈዲላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጓድ ሀብተ ጊዮርጊስ እጁን አወዛውዞ ቀጠለ።

«በመሆኑም ስማቸው የተያያዘው አርባ አንድ አመልካቾች ዘንድሮ በሚካሄደው ሰፈራ በቅድሚያ እንዲጓዙ ተወስኗል። ስላሳዩት ፈቃደኝነትም መሥሪያ ቤታችን ምስጋናውን ያቀርባል።»

እልልታ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባንዴ አይቆምም። ፊት ያሉት ዝም ይላሉ፣ ዳር ያሉት ያልሰሙት ትንሽ ይቀጥላሉ፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ትቀራለች።

ኑርዬ ሰዉን ገፍቶ ጓድ ሀብተ ጊዮርጊስን ተከትሎ ቢሮው ገባ።

«ጓድ፣ ስሕተት አለ። እኛ ያቀረብነው ጥያቄ ነው።»

«እሱኑ ነው የፈቀድንላችሁ።»

«አይ፣ ጥያቄ ነው እንጂ… እንትን… ጥያቄ እኮ አይደለም!»

«ጓድ ኑርዬ፣ ረጋ በል። ጠይቃችኋል ወይስ አልጠየቃችሁም?»

«ጠይቀናል። ግን ስጡን ብለን አይደለም፣ ንገሩን ብለን ነው።»

ጓድ ሀብተ ጊዮርጊስ ወረቀቱን አዞረለት። «ማንበብ ትችላለህ አይደል? እስቲ ከላይ ምን ይላል?»

«ስለ ሰፈራ የቀረበ ጥያቄ።»

«በቃ።»

«ከታች ቢያነቡት እኮ የት ይገኛሉ ነው የሚለው!»

«የበላይ መሥሪያ ቤት ወረቀት እስከ ታች አንብቦ ይዘልቀዋል? ርዕሱን አይቶ ይመራል።»

«ታዲያ በምን ይታረም?»

«በጽሑፍ ጠይቅ።»

«ደግሞ ብጠይቅ ምን ልትፈቅዱልን ነው? የመቃብር ቦታ?»

ጓድ ሀብተ ጊዮርጊስ ከልቡ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቀልድም ይወድ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማኝ፣ ኮታዬ ሠላሳ ሰው ነበር። ገበያ ልከብብ አስቤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አንተ አርባ አንድ ሰው ከነቀበሌው አመጣህልኝ። ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አለው።

በዚያ ሳምንት ግሸን ማርያም ያለ በዓሏ ተሳላሚ በዛላት፤ ወለተ ሥላሴም እዚያው ቀረች። እስላሞቹ ወደ ባቲ ዘመድ ቤት ወረዱ። ዘመድ የሌለው፣ አሮጊት እናት ያለበት፣ ከብቱን የሚጥልበት ያጣ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተያዘ። የኑርዬን ቤት አልፎ የሚሄድ ሰው ሰላምታ ተወ። አንዳንዱ ምራቁን ይተፋል። «ብትሰርቅ ይሻለን ነበር፤ ሌባ እንኳ ሰላም ይባላል» አለችው ሂንድ።

ፈዲላን ደብቆ ሊያሸሻት ኑርዬ ራሱ በቅሎ ይዞ መጣ። የሰላሀዲንን ጋቢ አጥባ ስታጥፍ አገኛት።

«ተነሽ፣ ባቲ አደርስሻለሁ።»

«ባቲ ምን አለኝ?»

«ፈዲላ እህቴ፣ መኪናው ነገ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ የት ነው ስል የመለሰልኝ የለም። አሁን መንግሥት መኪና ላከልኝ። እሱን የወሰደው መኪና ነው፤ ወደሱ የሚወስደኝም መኪና ነው።»

«አገሩ ሰፊ ነው። እሱ ያለበት ላይወስዱሽ ይችላሉ።»

«እዚህ ቁጭ ብዬስ እሱ ያለበት ነኝ?»

ኑርዬ በቅሎዋን እየጎተተ ተመለሰ። በማግስቱ እስከ ሐይቅ መንገድ ዳር ሸኛት። ከሚጭኑት ሰዎች ለአንዱ «እኔንም ጻፈኝ፣ ከሷ ጋር ልሂድ» ቢለው፣ «የሸንጎ አባል አይሰፍርም፤ ወንበርህ ባዶ ሊሆን ነው እንዴ?» ብሎ ገፋው። ሾፌሩን ጠየቀ፣ «ወዴት ነው የምትወስዳት?»

«ደሴ ስንደርስ ይነገረናል።»

ፈዲላ ከላይ ሆና «አብሽር አያ ኑርዬ፣ ካገኘሁት አስጽፌ እልካለሁ። ሳትዘል አንብበው» አለችው። መኪናው ሄደ።

ደብዳቤ አልመጣም። በቀጣዩ ዓመት ስብሰባ ኑርዬ መጀመሪያ የሄደው ሙሉአለም ዘንድ ነው። የሆነውን ሲነግራት አፏን በእጇ ያዘች። መዝገቡን አወጣች፤ ከሱ ስም አንጻር «መልስ ያገኘ» ተብሎ ተጽፏል። በስብሰባው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ተነበበ፤ ከአባላት በጽሑፍ የደረሱት ጥያቄዎች ሁሉ አጥጋቢ መልስ ተሰጥቷቸዋል ይላል። ጭብጨባ ሆነ። ኑርዬም አጨበጨበ።

«ለምን አጨበጨብክ?» አለችው ሂንድ፣ ሲነግራት።

«ሁሉም ሲያጨበጭብ ዝም ያለ እጅ ከሩቅ ይታያል» አላት። ሂንድ ያን ዕለት ራት አልሰጠችውም፤ ይህንንም የነገረችኝ ራሷ ናት።

ሚያዝያ 1981፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከሲታ ጢማም ሰው የኑርዬ በር ላይ ቆመ። ሂንድ ለማኝ መስሏት ቆሎ ልታመጣ ዞረች።

«እትዬ ሂንድ፣ ሰላሀዲን ነኝ።»

ከወለጋ በኩል ካለ የሰፈራ ጣቢያ አምልጦ፣ ቀን ተደብቆ፣ በእግሩ ሁለት ወር ተጉዟል። የእናቱን ቤት ጣራው ወድቆ አገኘው። «ሞታ ነው?» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«አልሞተችም፤ ማለት…» አለ ኑርዬ። ከዚያ ሁሉንም ነገረው። ጃንጥላውን፣ ጥያቄውን፣ አርባ አንዱን ስም፣ ጋቢውን። ሰላሀዲን ሳያቋርጥ ሰማ።

«እኔ ያለሁበት አልመጣችም። መኪናው ወዴት ዞረ?»

«ወደ ደሴ።»

«ከደሴ ወዲያስ?»

ኑርዬ ተነስቶ ኮቱን ከግድግዳው አወረደ። «አብሬህ እሄዳለሁ። የሸንጎ መታወቂያ አለኝ፣ ቢያንስ ኬላ ያሳልፈናል።»

«አይሆንም ጋሼ ኑርዬ። አንተ ከዚህ እንዳትነቃነቅ። እኔ ስሄድ እሷ ብትመጣስ? ልጄ የት ነው ስትል የሚነግራት አንድ ሰው ይኑር እንጂ።»

በማግስቱ ሂንድ በሶ ቋጥራለት፣ እናቱን ፍለጋ መጣሁበት ባለው መንገድ ተመልሶ ሄደ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ጥሪ ሲመጣ ኑርዬ ታምሜአለሁ ብሎ ላከ። አልታመመም። ሐይቅ ገበያ እንኳ አይወርድም፤ ጨውም ጋዝም የምትገዛው ሂንድ ናት። ለቅሶ ሲጠራ ሩቅ ከሆነ ይቀራል፤ ሰዉም ተቀይሞት ያው ነው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ የሚወጣው ሁሉ በሚታይበት በኩል፣ ድንጋይ አስቀምጦ እሱ ላይ ይውላል።