ሰማያዊው ብርጭቆ

የጋዝ ማቃጠያውን ስከፍት፣ ክብሪቱ ሳይነካው በፊት የምትሸት አንዲት ሽታ አለች። ያቺ ሽታ ሁልጊዜ ያደግሁበት የለንደን ሰፈር፣ ሃርልስደን፣ ጋሽ ደምሴ ኩሽና ትወስደኛለች። ዛሬ ለንደን ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤቱም ሳይንስ አይሆናትም ብሎ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደሴ ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ቢሮ ያጸዱ ነበር። ሥራቸውን ለሚጠይቃቸው ግን "አስተማሪ ነኝ" ይላሉ እንጂ "ነበርኩ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ኩሽናቸው ውስጥ አንቴናው የተሰበረ ቴፕ፣ ሒሳባቸው ያለቀ የስልክ ካርዶች የታጨቁበት ኩባያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከመጽሐፍ የተቀደደ የአንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ፎቶ ነበር። መጀመሪያ ሳየው የፈረንጅ ጻድቅ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ እሳቸው ዘንድ ሻይ እየጠጣች፣ "ትምህርት ቤቷ ሌተር ልኮ ነበር፤ ቀላሉን የሳይንስ ፈተና ትውሰድ ይላል። ሳይን አድርጌ መለስኩላቸው" አለች። ያን ፈተና የወሰደ ልጅ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ ከመካከለኛ ውጤት አያልፍም። እናቴ ይህን አልጠየቀችም። ባደገችበት አገር መምህር ያለውን ወላጅ አይመረምርም።

"ልጅቷንስ ማን ጠየቃት?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"መምህራን እኮ ናቸው ጋሼ፤ እነሱ ያውቃሉ።"

"እኔም መምህር ነኝ። ስንቴ ተሳስቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ የጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ከሰዓት የእኔ ሆነ፤ ኩሽናቸው ውስጥ ያስተምሩኝ ጀመር። ዝምተኛ ስለነበርኩ "አንገት ደፊ አገር አጥፊ" እያሉ ይቀልዱብኝና የእሳቱ ቀለም እንዲጎላ መጋረጃውን ይዘጋሉ። ጨው የነካ ሽቦ ምድጃው ላይ ሲይዙት እሳቱ ቢጫ ሆነ። በውሃ የተበጠበጠ አመድ ውስጥ ነክረው ሲይዙትም ያው ቢጫ ሆነ።

"ምን አየሽ?"

"ጨው።"

ከደረት ኪሳቸው እንደ መነጽር መስታወት ጠፍጣፋ የሆነ ሰማያዊ ብርጭቆ አውጥተው ዓይኔ ፊት ያዙልኝ። ቢጫው ጠፍቶ ቀጭን ሐምራዊ ነበልባል ታየኝ። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነበር፤ ጨው ሸፍኖት እንጂ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። በደስታ ሳቅሁ።

የእሳትን ቀለም እንደ ፊደል ማንበብን ከጓደኛው ጋር ሆኖ ለዓለም ያስተማረው የፎቶው ሰውዬ ነው አሉኝ። ሙከራ ላይ ሳለ መርዝ ያለበት ዕቃ ፊቱ ላይ ፈንድቶ አንድ ዓይኑን አጥፍቶበታል፤ መርዙም ሊገድለው ነበር።

"ሲሻለው የት የሄደ ይመስልሻል?"

"ቤቱ?"

"ላቦራቶሪው።"

በቀረችው ዓይኑ፣ ሰው እንደ ጠበል ለፈውስ ከሚጠጣው የምንጭ ውሃ ውስጥ ማንም አይቶት የማያውቅ የብረት ዓይነት አገኘ። በስሙ የሚጠራውን የጋዝ ማቃጠያም የፈለገ ሁሉ ይሥራው ብሎ ተወው። ይህን ሲነግሩኝ ጋሽ ደምሴ ወንድማቸውን የሚያሞግሱ ይመስሉ ነበር።

ከወር በኋላ ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው እናቴንና እኔን አስከትለው ትምህርት ቤት ሄዱ። የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ እናቴ የፈረመችበትን ወረቀት አወጣ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ደምሴ ግን በዝግተኛ እንግሊዝኛቸው "ከባዱን ፈተና አሁኑኑ ይስጧት። ከወደቀች እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አሉ። ተፈተንኩ፤ አላሳፈርኳቸውም። ይቅርታ የጠየቀንም ሰው የለም፤ እሱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጋሽ ደምሴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በአርባቸው ዕለት የእህታቸው ልጅ ብርጭቆውን በመሐረብ እንደተጠቀለለ ሰጠችኝ።

ባለፈው ሐሙስ አለቃዬ ወደ ቀላሉ ፈተና የሚወርዱ ተማሪዎችን ዝርዝር እንድፈርም አመጣልኝ። እዚህ አገር ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለችበት።

"ቤተሰቧ ተስማምቷል" አለኝ።

"እኔ አልተስማማሁም። መጀመሪያ እንፈትናት።"

"ማን ያዘጋጃታል? ጊዜ የለንም" አለ።

ሳልፈርም እስክሪብቶውን መለስኩለትና የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ለቅዳሜ ከሰዓት ጠየቅሁት። መጋረጃውን ራሴ እዘጋለሁ።