ገዳይዋ ሴል እኔ ነበርኩ

ዛሬ ኅዳር 11፣ 2006 ነው። ይህን ለመጻፍ አፍሬ ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ።

የባዮሎጂ መምህራችን ትምህርቱን በጨዋታ ሊያሳየን እኔን ገዳይ ነጭ የደም ሴል አደረገኝ። ሰሚራ የታመመች ሴል ሆነች። ግንባሯን ጠመኔ ከቀባኋት ሞተች ማለት ነው።

«እሷ? ዝንብ አትገድልም!» አለ ክፍሉ።

ከዚያ መምህሩ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታ ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ሆና እጄን እንድትይዝ ሐያትን ጠራ። ከመስቃን በአንድ ጋሪ አብረን የምንመጣ ጓደኛዬ ናት።

«አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ ይረዳናል» አለ መምህሩ። «ይኼኛው ግን ገዳይዋ በሽተኛዋን የምትይዝበትን እጅ ይሸፍናል። አጠገቧ ቆማም አትገድላትም።»

ሰሚራ ፊቷን አስጠጋችልኝና ክፍሉ እንዲሰማ አሾፈችብኝ። «እናቷ በርበሬ ትሸጣለች፣ ልጅቷ ግን አታቃጥልም!»

«ሐያቴ፣ ልቀቂኝ» አልኩ በቀስታ።

«ወላሂ አልለቅም!» ብላ ጮኸች። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት።

መምህሩ አዟት ስትለቀኝም እጄ አልተነሳም። ጠመኔው ወደቀ። (ይኼ መጽሐፉ ላይ የለም።)

እናንተንስ የገዛ ጓደኛችሁ ይዛ አስቃባችሁ ታውቃለች? ንገሩኝ።

መምህሩ ነገ ያለ አንቲቦዲ እንደግመዋለን ብሏል። የታመመችዋን ሴል እኔ ልምረጥ እለዋለሁ። የምመርጠው ሐያትን ነው። ጠመኔውን ከወለሉ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።