የእስከዳር ጥበቃ

የአጎቴ ልጅ እስከዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ቢዝነስ ነው። እዚያ ላይ ቢያበቃ በከተማችን በዘመሮ ማንም ነገሬ አይለውም ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ከተጠየቀች እስከ ጥጉ ካላስረዳች እንቅልፍ አይወስዳትም። ለክረምት ዕረፍት መጥታ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጎረቤት ሁሉ ባለበት «ስትመረቂ ምን ልትሆኚ ነው?» ቢሏት፣ «የእኔ ትኩረት አካባቢ ጥበቃ ነው» አለች።

እኛ አገር ጥበቃ ማለት ባንክ በር ላይ ካፖርት ለብሶ፣ ዱላ ይዞ የሚቆም ሰው ነው።

አጎቴ ተክለጻድቅ አንገታቸውን ደፍተው ቤት ገቡ። በማግሥቱ፣ የቀራትን የመጨረሻ ዓመት እንደማትማር አስታወቁ።

«ልጄን ለዘበኝነት ዩኒቨርሲቲ ላክሁ ብዬ ለቅሶ ቤት አልቀመጥም።»

እስከዳር ልታስረዳ ሞከረች። ነገሩን ያባሰችውም እሷው ናት።

«አባባ፣ ነጋዴው ሲያተርፍ መሬቱና ውኃው እንዳይጎዳ ነው የምንጠብቀው።»

«ከማን?»

«ከሰው።»

«አልሸሹም ዞር አሉ። ይኸው ዘበኛ አይደል?»

«እዚሁ አጠገባችን ያለውን የጓሳን ተራራ አያዩም? ሣሩ ከከብት ተዘግቶ ይከርምና በጊዜው ይታጨዳል። እኔም የበግ ፀጉር የሚሸጥ ድርጅት ብከፍት፣ ግጦሹን ሳልጨርስ...»

«ጓሳማ ጥበቃ አለው። በዚያ ብርድ ሲንቀጠቀጥ አይቸዋለሁ።»

ከምሳሌ ሁሉ ጓሳን መምረጧ እኔንም አናደደኝ። ግን ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ እንባዋን ስትውጥ ሳይ አሳዘነችኝ።

እናቷ እትዬ ጥሩሸዋ ቢጨንቃቸው የነፍስ አባታቸውን ቄስ መርስዔ ኃዘንን አስጠሩ። ቄሱ ተቀምጠው ነገሩን ሰሙና፣

«ተክለጻድቅ፣ ጥበቃን አትናቅ» አሉ። «አዳምስ ገነት የገባው ለምንድን ነው? ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ ነው።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡ።

«ይሁን አባቴ። ጠብቆስ የት ደረሰ? ከነሚስቱ አይደል የተባረረው?»

ቄሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ መልስ ፍለጋ ጣሪያውን አዩ። እኔም አለቀላት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

እስከዳር መሬት መሬት እያየች፣ ቀስ ብላ፣

«እሱማ ሳይማር ቢቀጠር ነው» አለች።

የቄሱ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። አጎቴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳቁ ቀደማቸው። እንደምንም ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ። ሳትጨርሺ ተቀጥረሽ አንቺም እንዳትባረሪ።»