ያለ ልማዴ የመረቅኋቸው ቲማቲሞች

ማዳም ረቡዕ ረቡዕ ትመጣለች። ጂቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ አትክልትና ቅመም የምሸጥበት መደብ ፊት ስትቆም፣ የቤት ሠራተኛዋ ዘንቢል ይዛ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ትቆማለች። ሠራተኛዋ የአገሬ ልጅ ናት፤ ከወሎ የመጣች፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። በመጀመሪያው ቀን "እንደምን ዋልሽ" ስላት ማዳም ፈገግ እንዳለች በሱማሌኛ አቋረጠችኝ።

"ከእሷ ጋር በቋንቋችሁ እንዳታወራ። የበፊቷን ሠራተኛዬን እንዳንተ ያለ ሐበሻ ነው አውርቶ አውርቶ ያስኮበለለብኝ።"

"እኔ ሽንኩርት ነው የምሸጠው ማዳም፤ ሰው አላስኮበልልም።"

"እሱም ሽንኩርት ነበር የሚሸጠው።"

ደንበኛ ናት፤ ከደንበኛ ጋር ክርክር ገጥሞ የበለጸገ ነጋዴ አላየሁም። ዝም አልኩ።

ዝምታ ግን ማዳም እንደምታስበው ባዶ ነገር አይደለም። እኔ ጂቡቲ ስገባ ፈረንሳይኛም፣ ዓረብኛም፣ ሱማሌኛም፣ አፋርኛም አልነበረኝም። አንድ ዓመት ሙሉ የነገድኩት በጣት፣ በቅንድብና በትከሻ ነው። የፍየል ደላሎች እጃቸውን ሽርጥ ሥር ደብቀው፣ ጣት በመጨባበጥ ብቻ ዋጋ ሲቆርጡ ቆሜ አይ ነበር። ዙሪያቸውን የከበበው ሰው ፊታቸውን እያየ ዋጋውን ለመገመት ይደክማል፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ከእነሱ የተማርኩት ጣቱን ሳይሆን ፊቱን ነው። ሽንኩርቴ ሊበሰብስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ፊቴን ያየ ሰው ገና ወር የሚቆይ ነው የሚመስለው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ሽንኩርት እየመረጠች ክምሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ጥላልኝ ሄደች። "ጋሼ፣ ይህ የወንድሜ ቁጥር ነው። እናቴን አሟታል። ስልኬን ማዳም ናት የያዘችው" ይላል። ደወልኩለት። ከዚያ ወዲህ ማዳም ጎመን ስታገላብጥ ልጅቷ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ እናቴ እንዴት ናት ማለቷ ነው። እኔም አፌን ትንሽ ከፍቼ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ። እኛ አዎ የምንልበትን ይህን ትንፋሽ ሌላ ሰው ሲሰማው የደነገጥን ይመስለዋል። ለእሷ ግን "ደህና ናት፣ በርቺ" ማለት ነው። ያችን ትንፋሽ ይዛ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ትከርማለች።

ማዳም አስም መስሏታል።

"ሐበሻው፣ ይሄ ደረትህ ዛሬም አልተሻለህም?"

"ምን ይሻለኛል ማዳም፣ ሙቀቱ ነው።"

"ጥቁር አዝሙድ በማር ውሰድበት።"

ጥቁር አዝሙድ ፊት ለፊቷ በጆንያ ተቀምጧል። አመሰገንኳት።

አሥራ አንድ ወር በዚህ ዓይነት ሄደ። አንድ ሐሙስ ወንድሟ ደወለ። ድምፁ ጎርንኗል።

"ጋሼ፣ እናታችን አርፋለች። ትናንት ቀበርናት። ለእሷ ግን እንዳይነግሯት።"

"እንዳልነግራት ከሆነ ለምን ነገርከኝ?"

"ይነግሯታል፤ ገበያ መሃል ግን አይሆንም። ሰው ይዘው፣ በማለዳ፣ በወጉ። ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር እንዳትሆንብን።"

ልክ ነው። መርዶ ለቆመ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቲማቲም እየመዘኑ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ይገባል። የሰማችው ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ሊኖር ይገባል። ወጉን የሠሩት አባቶች ግን የቤት ሠራተኛ የምትኖርበትን ግቢ በር አላዩትም።

በማግስቱ አርብ ነበር። የከባድ መኪኖች ማደሪያ ፔካ 12 ያደረ አንድ ሾፌር ወዳጄንና አርሂባ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት ይዤ ገና ሳይነጋ ሄድኩ። እትዬ በዚህ ከተማ ለብዙ ሰው መርዶ ያረዱ ናቸው፤ ራሷን የምትጥል ልጅ የት ጋ እንደምትያዝ ያውቃሉ። ሦስታችንም ነጠላ ዘቅዝቀን ለብሰናል። ነጠላችንን ያየ የአገራችን ሰው ሁሉ ምን ልናደርግ እንደመጣን ሳንናገር ያውቃል።

ዘበኛው የአገራችን ሰው አይደለም። ብረት በሩ ሥር ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ከላይ እስከ ታች ተመለከተን። በሱማሌኛ ልነግረው ሞከርኩ፤ አልሰማም መሰለኝ፣ ወይም አልፈለገም። እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ድንጋይ እንኳ የሚረዳው ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ሁለት መዳፉን አራገፈና በአገጩ መንገዱን አሳየን። ለማኝ መስለነው ይሆናል።

"በሩን አንዴ ልምታው እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"ምታውና አንተ መኪናህን አስነሥተህ ትሄዳለህ" አሉት እትዬ። "የሚተርፈው ለልጅቷ ነው። ማዳሟ በእንቅልፏ ሰው ሲመጣባት ንዴቷን በማን ላይ የምትወጣው ይመስልሃል?"

ተመለስን። ከፎቁ መስኮት ሥር የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ነበር። ልጅቷ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ምናልባት ወለል እየወለወለች ነው።

"ስንት ዘመኔ፣ መርዶ ይዤ ስመለስ ገና ዛሬ ነው" አሉ እትዬ።

"ቤትዎ ይዘውት ገቡ ማለት ነው" አለ ሾፌሩ። ማንም አልሳቀም፣ እሱም ጭምር።

እስከ ረቡዕ ያሉትን ቀናት ፊቴን ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። ሌላ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ያችን ትንፋሽ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ መዋሸት አያቅተኝም አልኩ። ስንቱን ሽንኩርት በዚህ ፊት አሳልፌያለሁ።

ረቡዕ መጡ። ማዳም ድንች ስትመርጥ ልጅቷ ቅንድቧን አነሣች። አየሩን ሳብ አደረግኩ። እንደ ወትሮው ወጣልኝ፤ ዓይኗን እንኳ ሳልሸሽ። ትከሻዋ ዘና ሲል አየሁ። አንድ ጊዜ አለፈልኝ ብዬ ሁለት ኪሎ ቲማቲም መዘንኩላቸው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ በምራቂ የምታወቅ ሰው አይደለሁም። ገበያተኛ "መርቅልኝ" ሲለኝ "እግዜር ይመርቅህ" ብዬ ነው የምሸኘው። ልጅቷም አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሚዛኔ ላይ አንዲት ፍሬ ስትተርፍ እንዴት አድርጌ እንደማነሣት አይታለች። በዚያን ቀን ግን እጄ ሦስት ቲማቲም አንሥቶ ዘንቢሏ ውስጥ ጨመረ። ደግሞ ሎሚ። ደግሞ አንድ እፍኝ ቃሪያ። ፊቴን ስጠብቅ እጄን የጠበቀልኝ አልነበረም።

"ዛሬ ምን ነካህ?" አለችኝ ማዳም ደስ ብሏት።

ልጅቷ ዘንቢሉን አየች። ቀጥሎ ያየችው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። እጄ አራተኛ ቲማቲም ይዞ አየር ላይ ቀርቶ ነበር። ቅንድቧን እንደገና አነሣች። ትንፋሹን ልስብ አፌን ከፈትኩ፤ አልገባም። ሚዛኑን ማየት ጀመርኩ።

ማዳም መንገድ ጀምራ ዞር ብትል ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች።

"ምን ሆነች? በል ጠይቃት" አለችኝ ማዳም። "በቋንቋችሁ ጠይቃት።"

አሥራ አንድ ወር የተከለከልኩትን ፈቃድ ሰጠችኝ። በቃላት የምኖር ሰው ነኝ፤ የደረቀ ሎሚ በወሬ አርሼ የምሸጥ። የወጣልኝ "እህቴ" የሚል ብቻ ነው።

"አይንገሩኝ ጋሼ" አለች፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሳይንቀሳቀስ። "ከነገሩኝ እዚሁ እቀመጣለሁ። ከተቀመጥኩ አልነሣም።"

"እሺ።"

"ወንድሜ ከአጠገቧ ነበረ?"

"ነበረ።"

"ምን አለችህ?" አለችኝ ማዳም።

"ጥርሴን አሞኛል ብላኛለች ይበሏት" አለች ልጅቷ።

ለማዳም እንደዚያው አልኳት።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። "ለምን እስካሁን አልነገረችኝም" ብላ ከእኔው ጆንያ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ አነሣች። የልጅቷን አገጭ በእጇ ይዛ፣ እናት ለልጇ እንደምታደርገው፣ አንዱን ከንፈሯ መሃል አስገባችላትና ጥርሷን እያጋጨች ንከሺው የሚል ምልክት አሳየቻት። ልጅቷ ነከሰችው። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ በአንዴ፣ በሁለቱም ጉንጮቿ።

"ኃይለኛ ነው" አለች ማዳም ወደ እኔ ዞራ። "ያስለቅሳል።"

"አዎ ማዳም፣ ያስለቅሳል።"

ልጅቷ ዘንቢሉን አንሥታ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ተከተለቻት። ሚዛኔን ትቼ ቆሜ አየኋቸው። እስከ ታክሲው ድረስ ማዳም ሁለት ጊዜ ዞር አለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የራሷን ጉንጭ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ አሁን ይሻልሻል የሚል ምልክት አሳየቻት። ልጅቷም ሁለቱንም ጊዜ ራሷን ነቀነቀችላት።