አረፋው እስኪያልቅ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ፣ መኝታ የተሠራለት አሮጌው የናፍጣ መኪናችን ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር ላይ ሞተሩ ጠፋበት። ልጄ ከሕመሙ ስለዳነልኝ ወደ ቁልቢ የማደርሰው ስለት ነበረብኝ። ቁልፉን ባዞር ባዞር ሞተሩ አልነሣም አለ። መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርን።

እጄን የነካው ናፍጣ ሲሸተኝ ልጅነቴ መጣብኝ። አባቴንም በሌላው የግንቡ በር፣ በፈላና በር ካለው ቤታችን ወደ ቁልቢ ሊሄድ ሲል መኪናው እንዲሁ እምቢ ብሎት ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዘነበች፣ “ልጄ፣ ገብርኤል እዚሁ ፈላና በር ይምጣልህ?” ብለው ሳቁበት። አባቴ የናፍጣ ማጣሪያውን ብሎን አላልቶ የእጅ ፓምፑን አስያዘኝ።

“አየር ገብቶበታል። አረፋው እስኪያልቅ ግፊ። ሲደክምሽ ጸልዪ፣ እጅሽን ግን አታንሺ።”

ሞተሩ ሲነሣ ጸሎቴ ብቻ ያስነሣው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እየጸለይኩ፣ እጄንም ሳላነሣ ፓምፑን ገፋሁ፤ አረፋው አልቆ ሞተሩ ተነሣ። ቅዳሴ ሳይወጣ ቁልቢ ደርሼ ስለቴን አስገባሁ።