ዐስር ሰላት ላይ የሚጠፋው ስልክ

ኸይሪያ ሰው ቶሎ የምታምን ሴት አልነበረችም። ከወሎ ዐረብ አገር መጥታ በግዳዲያ በሚባል ሰፈር ዓመታት በሰው ቤት ስትሠራ፣ በር የከፈተውን ሰው ገና ሳታየው በኮቴው መለየት ለምዳለች። ከፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ሸረፊያ ሰፈር ወደሚገኘው የወንድሙ ሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ሲያዛውራትም ይኸው አመሏ አብሯት ሄደ። በእነዚያ ዓመታት አውሮፕላኑ ከአገር ቤት ልጃገረዶችን ያለማቋረጥ ያራግፍ ነበርና፣ የኸይሪያ ሥራ ከየቤቱ የሚደውሉትን በአማርኛ ማነጋገር ሆነ።

ስልኩ የሚያልፈው በጓዳው ክፍል በተቀመጡ ሁለት ሰርቨሮች ነው። የሚንከባከባቸው አብዱረሺድ ይባላል፤ አያቱ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ፣ እሱም እዚያው የተወለደ፣ አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ የሆነ ወጣት።

ሰሞኑን ይኼ ልጅ አልጥማት ብሏል። የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሰላት፣ አዛን ሲሰማ ሸረፊያ ይዘጋል፤ የቢሮው አለቃ ሙዲሩም ሠራተኞቹም ወደ መስጂድ ይወጣሉ። ስልክ ላይ ከምትቀረው ከእሷ ሌላ ግን አብዱረሺድም ይቀራል። ጓዳ በገባ ቁጥር ደግሞ የኸይሪያ ስልክ ጸጥ ይላል። ትናንት ረውዳ የምትባል ልጅ፣ «እቴ፣ መካ አምጥተው ቆልፈውብኛል፤ ሰፈሩን አላውቀውም...» እያለቻት መስመሩ ድርግም አለ። ያለችበት ካልታወቀ ማንም አይደርስላትም።

ዛሬ ኸይሪያ ቀድማ የጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ አለብኝ ኡኽቲ። የሰርቨሮቹን ሶፍትዌር በአዲስ እየቀየርኩ ነው። አሮጌው አንድ ቀን ጭራሽ ይሞትብናል።»

«ሰው ሲሰግድ?»

«ሰው ሲሰግድ ነዋ! ቢሮው ዝግ፣ ኸላስ። ማን ይደውላል?»

«ሙዲሩ ነው አጥፋው ያለህ። የልጆቹ እሮሮ እንዳይሰማ።»

አብዱረሺድ ፊቱ ቀላ። «አንቺስ? ሁሉም ሲወጣ ከማን ጋር ነው የምታንሾካሹኪው? ልጆች ታስኮበልላለች ይሉሻል።»

«ሱብሃነላህ! ሰላይም ነህ ለካ! ስማ አንተ፤ ልጆቹ ስልክ የሚያገኙት መቼ ይመስልሃል? ማዳም መስገጃዋ ላይ ስትቆም ነው! ሌላ ጊዜ የላቸውም።»

«ወላሂ አላወቅኩም» አለ ልጁ። «እኛ ቤት እናቴ ስልኩን ነቅላ ነው የምትሰግደው። በሰላት ሰዓት ይደወላል ብዬ አስቤም አላውቅ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ሁለቱንም ባንዴ አጠፋቸው ነበር።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«አለው። ጥሪውን ወደ አንደኛው አዞርና ሌላኛውን እሠራለሁ፤ ከዚያ በተራው። ብቻ ሲዞር የተጀመረ ወሬ ይቆረጣል። ስለዚህ ማንም ሳይደውል አሁኑኑ ላዙረው፤ ከተደወለ ግን አልነካውም።»

«በሩን አትዝጋ። እያየሁህ ነው።»

አዞረው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«እቴ፣ ትናንት ለምን ዘጋሽብኝ?» አለች ረውዳ በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም እህቴ። በመስኮት ምን ይታይሻል?»

«ተራራ። ድንጋዩ ላይ የተደረደሩ ቤቶች። ታች ደግሞ መኪና የሚገባበት ዋሻ።»

ኸይሪያ መካን ከዑምራ ጉዞ በቀር አታውቃትም። ተራራውም ዋሻውም ምንም አልነገራትም። «መካ ቆልፈውባት፣ ተራራና ዋሻ ብቻ ይታያታል» ስትል ለራሷ አጉረመረመች።

«ዋሻው አንድ አፍ ነው ወይስ ሁለት ጎን ለጎን?» አለ አብዱረሺድ ከጓዳ። «ሁለት ከሆነ አክስቴ ሱረያ ያለችበት ሰፈር ነው። ዛሬውኑ ሄዳ ልጅቷን ታያታለች።»

ኸይሪያ መነጋገሪያውን በእጇ አፈነችው። ለሙዲሩ ቢነግርስ? ልጅቷን ማታውኑ ወደ ሌላ ቤት ቢያሻግሯትስ? ግን እሱን ከተወችው ሌላ ማንን ትጠይቃለች?

«የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ማነው?» አለች ረውዳ።

«የመካ ልጅ ነው» አለቻት ኸይሪያ። «ላገናኝሽ ነው። የሚጠይቅሽን ንገሪው። ስምሽን ግን እንዳትነግሪው።»