የጠመንጃው ማነጣጠሪያ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ይህን የሚያነቡት እርስዎ ፊቴን ስለማያዩት ልጻፈው። ሌባዋ እኔ ነኝ።

አባቴ አንድ አሮጌ የፈረንጅ ጠመንጃ ነበረው። ወታደሮች ኢላማ ሲወዳደሩ የሚተኩሱበት ነው እንጂ ለጦርነት አልተሠራም ይሉ ነበር። ከበስተኋላው ብድግ የምትል፣ ቁጥር የተቀረጸባት ቀጭን ማነጣጠሪያ ነበረችው። አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ ዳንግላ ሰንብቶ ነበርና አየው። «እንዲህ ያለ ሌላ አላየሁም። ግን አንድ ነገር ከጎደለው አልወስደውም» አለ። አባቴ እሱን ሸጦ ሠርጌን ሊደግስ ቆረጠ።

አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። አምስተኛን መማር እፈልግ ነበር፤ ይህን ለአባቴ የምናገርበት አፍ ግን አልነበረኝም። እጅ ነበረኝ። ማነጣጠሪያዋን በቢላ ጫፍ ፈትቼ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኋት።

ፈረንጁ ትቶት ሄደ። አባቴ ለጭቃ ሹሙ ነግሮ አውጫጭኝ አስቀመጠ። ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ይውላል። ነገር ያወቀ ለሽማግሌዎቹ በስውር ይናገራል። እሱን «ወፍ» ይሉታል፤ ስሙ አይወጣም። የጤፍ አጨዳ ደርሶ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ያይ ጀመር። እናቴ ሳትቀር የገዛ እህቷን «ያን ሰሞን ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለቻት። በሦስተኛው ቀን «ነገ ቤት ለቤት ይፈተሻል» ተባለ። መቀነቴ ከበደኝ።

ወፍ የሚሰሙት ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምን አየሽ?»

«አያ ውበቱን» አልሁ።

አያ ውበቱ ቀጥቃጭ ነው። በዚያው ሰሞን የጠመንጃውን ብሎን ሊያጠብቅ ቤታችን መጥቶ ነበር። ለምን እሱን ጠራሁ? ብረት የሚሠራ፣ ሰው ዓይኑን የሚፈራው ስለሆነ፣ ማንም እንደሚያምነኝ አውቄ ነው። ፈርቼ ነበር። ፈርቼም ግን መርጫለሁ።

ቤቱን በረበሩት፤ ምንም አልተገኘም። «አቅልጧት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማረሻ የሚያስመታው ሰው ጠፋ። ክረምት ሳይገባ ወናፉንና መዶሻውን በአህያ ጭኖ ወደ ጥርባ ተሰደደ። የዚያን ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ ሲደርስ በአገውኛ፣ ዝቅ አድርጎ፣

«ልጄ፣ ያቺን ብረት ዘይት ቀቢያት። ዝገቱ መቀነትሽ ላይ ወጥቷል» አለኝ።

ያውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ? ሽማግሌዎቹ ፊት ሲቆምም ያውቅ ነበር? ለምን ዝም አለ? ቢናገርስ ማን ያምነው ነበር? ይህንንም እኔ ቀድሜ አስቤበታለሁ።

ሠርጌ የዘገየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። አምስተኛ ክፍልን አላየሁትም። ዛሬ ባሌ ትንሽ ዝም ካለ «ሰማ» እላለሁ። ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። አገር ሁሉ ያወቀብኝ ይመስለኛል፤ ያወቀው ግን አንድ ሰው ነው፣ እሱም አልተናገረም።

ልጅ ነበርሁ አልልም። እርስዎንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እርስዎን አይደለም። ማነጣጠሪያዋ ሣጥኔ ውስጥ ናት። አያ ውበቱ እንዳለኝ ዘይት እቀባታለሁ፤ አልዛገችም። ጥርባ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እስከ ዛሬ አልሄድሁም።